ሴንሶዳይንን ደሴ ብርድ ላይ ሞክሬዋለሁ

የደሴን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ከቧንቧ ሚወርደው ውሃ በረዶ ነው፣ እኔ ደሞ በግራ በኩል የታች ጥርሶቼ ድዳቸው ሸሸት ብሎ ስራቸው ስለታየ ያንን ውሃ ስጉመጠመጥበት እስከ ጆሮዬ ድረስ ነበር ሚነዝረኝ። ቡናም እንደዛው፣ አቦሉን ትኩስ እያለ ፉት ማለት ትቼ ነበር። ጥርስ ሀኪሟ አይታኝ አልተቦረቦረም፣ ለሴንሲቲቭ ጥርስ ሚሆን ሳሙና ተጠቀሚ ስላለችኝ ፒያሳ ካለ ፋርማሲ ሴንሶዳይን ገዛሁ።

ወላሂ ይሰራል። ግን ዛሬ ተቦርሾ ነገ ሚሻል ነገር አይደለም፣ ብዙ ሰው ሁለት ሶስት ቀን ሞክሮ ውሸት ነው ብሎ ሚተወው ለዚ ነው። የኔ ቱቦ ላይ የተጻፈው ፖታሲየም ናይትሬት ይላል፣ ስራውን ሚሰራው እሱ ነው። ጥርስ ከላይ ጠንካራ ሽፋን አለው፣ ከስሩ ያለው ክፍል ግን በአይን በማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ነው፣ ሽፋኑ ሲሳሳ ወይ ድዱ ሲሸሽ ቅዝቃዜው በነሱ በኩል ነርቩ ጋ ይደርሳል፣ ፖታሲየሙ ደሞ ቀስ በቀስ ነርቩን ያረጋጋዋል፣ ስለዚ ጠዋትና ማታ ሳያቋርጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት መታገስ ግድ ነው። እኔ ለውጡን ያወቅኩት ሳላስበው ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቼ ምንም ሳይለኝ ሲቀር ነው።

ጣዕሙ ሚንት ነው፣ አያቃጥልም። አረፋው ትንሽ ነው፣ እህቴ ይሄማ አያጸዳም ብላ ተወችው፣ ግን ሚያጸዳው አረፋው ሳይሆን ቡርሹ ነው። እንደውም በብዙ ሳሙና ላይ አረፋ ሚያወጣው ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት ሚባለው ነው፣ አፋችሁ ቶሎ ቶሎ ሚቆስል ከሆነ እሱ የሌለበትን ሞክሩ።

ዋጋው ግን ይከብዳል። ጥርሱ ማይነዝረው ሰው ይሄን ሊገዛ አይገባም ባይ ነኝ፣ ብራችሁን አታባክኑ። ፍሎራይድ፣ ማለትም ጥርስ እንዳይቦረቦር ሚከላከለው ንጥረ ነገር፣ ያለበት ማንኛውም ተራ ኮልጌት በቂ ነው፣ ከጀርባው የፍሎራይዱ መጠን ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ppm ተብሎ ሚጻፈው) መሆኑን ማየት ነው፣ የአገልግሎት ዘመኑንም እዩ። ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ቀለም አረንጓዴ ከሆነ የተፈጥሮ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ኬሚካል ነው እየተባለ በቴሌግራም ሚዞረው ነገር ሀሰት ነው፣ እሱ ምልክት ማሽኑ ቱቦውን የት ጋ እንደሚቆርጥና እንደሚያሽግ ሚለይበት ነው።

ነጭ ያደርጋል ተብለው ሚሸጡት ላይ በጣም ተጠንቀቁ፣ ይሄ ከልቤ ነው። የቡናና የጫት እድፍ ከላይ ስለሆነ በመጠኑ ያነሱታል፣ ሚያነሱት ግን በመፈተግ ነው፣ የከሰሉማ ይብስ ሊፈትግ ይችላል፣ ለሚነዝር ጥርስ ጭራሽ አይሆንም። ወንጂ ወይ መተሃራ ወይ ዝዋይ አድጎ ጥርሱ ቡኒ የሆነ ዘመድ ያለው ሰው ደሞ ይሄን ይወቅ፦ እሱ ቀለም በልጅነት ፍሎራይድ ከበዛበት ውሃ የመጣ ነው፣ ጥርሱ ውስጥ ስላለ በየትኛውም ሳሙና አይለቅም፣ ልጁን በደንብ አትቦርሽም እያሉ ማሳቀቅ ግፍ ነው። ሎሚ በጨው ምትፈትጉም በአላህ ተዉት፣ አሲዱ ሽፋኑን ይበላዋል።

መፋቂያን አልቃወምም፣ ሰኞ ገበያ ጫፉን አኝከው አለስልሰው ሚፍቁ እናቶች ጥርሳቸው ማሻአላህ ነው። ቆሻሻውን ያነሳል፣ ፍሎራይዱን ግን ከሳሙናው ነው ምታገኙት፣ ሁለቱን ማስኬድ ይቻላል። ቡርሹ ግን ለስላሳ ይሁን፣ ፀጉሩ ወደ ጎን ከተንጨባረረ ወይ አርጅቷል ወይ በጣም እየተጫናችሁ ነው፣ ድድ ሚሸሽበት አንዱ ምክንያትም እሱ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው ማያውቀው፣ ከቦረሻችሁ በኋላ አረፋውን ትፉት እንጂ በውሃ ደጋግማችሁ አትጉመጥመጡ፣ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። ለደሴ ሰው ይሄ ምክር ድርብ ጥቅም አለው። ለልጆች ደሞ ከ3 አመት በታች የሩዝ ፍሬ ታክል፣ ከ3 እስከ 6 የአተር ፍሬ ታክል ብቻ፣ ሲቦርሹም አጠገባቸው ሁኑ፣ ጣፋጩን ይውጡታል።

4 ሳምንት በደንብ ተጠቅማችሁም ካልተሻላችሁ፣ ወይ አንድ ጥርስ ላይ ብቻ ከሆነና ስትነክሱበት ሚያም ከሆነ፣ ሳሙና መቀያየሩን ትታችሁ ጥርስ ሀኪም ይየው፣ የተቦረቦረ ወይ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ሴንሶዳይንም አያድነውም።