ሶኬቱ ባለ 7 ፒን ስለሆነ ብቻ የተጎታቹ ፍሬን ይሠራል ማለት አይደለም

«ለተጎታች ሙሉ ገመድ፣ ባለ 7 ፒን» ተብሎ በአንድ ካርቶን የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ አለ። ቶሎ ይገጠማል። ተጎታች ቤቱ ሲሰካ ፍሬቻው ይበራል፣ ስቶፑ ይበራል፣ ፓርኪንጉም ይበራል። ገዢው ሁሉም ነገር የተሟላ መስሎት ከፍሎ ይሄዳል፤ የተጎታቹ ፍሬን ግን ከመኪናው ጋር ጨርሶ አልተገናኘም። ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የሶኬቱን ጀርባ አስከፍታችሁ እዩ።

ብዙውን ጊዜ እዚያ የምታገኙት ባለ 4 ፒን ገመድ ነው፤ ጫፉ ላይ ወደ 7 የሚቀይር አስማሚ ተሰክቶበታል። አራቱ ገመዶች ኔጋቲቭ፣ ፓርኪንግ፣ የግራ ፍሬቻ ከነስቶፑ፣ የቀኝ ፍሬቻ ከነስቶፑ ናቸው። ለኤሌክትሪክ ፍሬኑ የሚሄደው መስመርም ሆነ ከባትሪ የሚመጣው የ12 ቮልት መስመር ከእነዚህ ውስጥ የለም። ፒኖቹ ከፊት ይታያሉ፣ ከኋላ ባዶ ናቸው። አንዳንዱ አስማሚ ሰማያዊና ጥቁር ገመድ (ሰማያዊው ለፍሬኑ፣ ጥቁሩ ለ12 ቮልቱ) ከጎኑ ተንጠልጥሎለት ይመጣል፤ ይህኛው ይሻላል፣ ግን ገጣሚው ሁለቱን አጣጥፎ በፕላስተር ጠቅልሎ ከተዋቸው ያው ነው። ስለዚህ ቁጠሩ፦ ፍሬን ላለው ተጎታች ቢያንስ ስድስት ገመድ መገናኘት አለበት። የመሃሉ ሰባተኛ ፒን አብዛኛውን ጊዜ ለኋላ ማርሽ መብራት ስለሆነ ባዶ ቢሆን ፍሬኑን አይነካም። በቀለም ብቻ ግን አትተማመኑ። አረንጓዴው በአንዱ አሠራር የቀኝ ፍሬቻ ነው፣ በሌላው ፓርኪንግ ነው። የእያንዳንዱን ፒን ሥራ በቴስተር አረጋግጡ።

ሰማያዊው መስመር ቢኖርም ብቻውን ፍሬን አይዝም። በሾፌሩ አጠገብ የሚገጠም የፍሬን መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል፤ በካርቶኑ ውስጥ የለም፣ ሻጩም ካልጠየቃችሁት አያነሳውም። መቆጣጠሪያው አብዛኛውን ጊዜ አራት ገመድ አለው፦ ጥቁሩ ወደ ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ነጩ ወደ ኔጋቲቭ፣ ቀዩ ወደ ፍሬን ፔዳሉ ስዊች፣ ሰማያዊው ወደ ተጎታቹ። ቀዩ መያያዝ ያለበት ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ኤሌክትሪክ በሚመጣበት ወገን ነው። ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ባለው ወገን ከታሰረ መቆጣጠሪያው ዘወትር ፍሬን የተያዘ ስለሚመስለው የተጎታቹ ፍሬን እየያዘ ይሄዳል፣ ታምቡሩም ይግላል። በመቆጣጠሪያዎች መካከልም ልዩነት አለ። በጊዜ የሚሠራው ፔዳሉን በቀስታም ነካችሁ በኃይል ረገጣችሁ የተሞላለትን ያህል ብቻ ይሰጣል። የመኪናውን ፍጥነት አቀናነስ እየለካ የሚሠራው ለከባድ ተጎታች ቤት በእጅጉ ይመረጣል።

ከሁሉም ይልቅ የሚደበቀው ጉድለት የገመዱ ውፍረት ነው። ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች ታምቡር ውስጥ ያለው፣ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ፍሬኑን የሚያስይዘው አንድ ማግኔት ከ3 እስከ 4 አምፔር ይወስዳል። ሁለት አክስል ያለው ተጎታች አራት ማግኔት ስላለው ከ12 አምፔር በላይ ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ቢያንስ 3.3 ካሬ ሚሊሜትር፣ ቢቻል 5.3 ካሬ ሚሊሜትር ንጹሕ የመዳብ ገመድ ያስፈልጋል። በርካሹ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው ግን 0.8 ካሬ ሚሊሜትር፣ ያውም ላዩን መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። በቢላዋ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ እንደ ብር ነጣ ካለ አትግዙት። (በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ተቃራኒው ነው፦ ላዩ ነጭ፣ ውስጡ ቀይ፤ እሱ ጥሩ ነው።) ሂሳቡ ይህን ይመስላል፦ የአንድ ወገን ርዝመቱ 7 ሜትር ሲሆን፣ በ5.3ቱ የመዳብ ገመድ ከባትሪው 12.6 ቮልት ውስጥ 11.9 ገደማው ማግኔቶቹ ጋ ይደርሳል። በ0.8ቱ አሉሚኒየም የሚደርሰው 8 ቮልት እንኳ አይሞላም። የማግኔቱ ጉልበት በሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ልክ ስለሆነ የፍሬኑ ኃይልም አብሮ ይወርዳል። የነጩ ገመድ ውፍረት ከሰማያዊው ማነስ የለበትም፤ ኔጋቲቩን በመጎተቻው ኳስ ላይ የሚተው ገጣሚ ካገኛችሁ ሥራውን አስቁሙት።

ከባትሪው አጠገብ ራሱን የሚመልስ ብሬከር ይገባል፦ እስከ ሁለት አክስል 20 አምፔር፣ ለሦስት አክስል 30። ተራ ፊውዝ ከሆነ አንዴ ከተቃጠለ ቁልቁለት መሃል ላይ የተጎታቹ ፍሬን ሳይኖራችሁ ትቀራላችሁ። ገመዱን ቀድዶ የሚነክሰው ሰማያዊ የፕላስቲክ ማያያዣም ክሮቹን ይቆርጣል፣ ውኃ ያስገባል፣ መዳቡም ይዝጋል።

ገጣሚው በሶኬቱ ላይ ቴስተር አድርጎ «ይኸው 12 ቮልት» ቢላችሁ አትቀበሉ። ጭነት በሌለበት የፀጉር ያህል የቀጠነ ሽቦም 12 ቮልት ያሳያል። በሰማያዊውና በነጩ ፒን መካከል የ55 ዋት ሃሎጅን አምፖል አስገቡ፣ የመቆጣጠሪያውን የእጅ ማንሻ እስከ መጨረሻው ግፉ፣ አምፖሉ እየበራ ቮልቱን ለኩ። አንድ አምፖል እንኳ ጎልቶ ካወረደው አራት ማግኔት አይችልም። አምፔሩን መለካት ከፈለጋችሁ ገመዱን አቅፎ የሚለካውን የዲሲ መሣሪያ ተጠቀሙ፤ የብዙ ቴስተሮች የአምፔር ልክ 10 ስለሆነ ፊውዛቸው ይበጠሳል።

ቀጥሎ ባዶ ሜዳ ላይ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ፔዳሉን ሳትረግጡ ማንሻውን ብቻ ግፉ። ተጎታቹ መኪናውን ወደ ኋላ ሲይዘው በግልጽ ሊሰማችሁ ይገባል። ጎማው ሳይቆለፍ እስከሚይዝበት ድረስ ጉልበቱን አስተካክሉ።

በመጨረሻ ተጎታቹ ቢለያይ ፍሬን የሚያስይዘውን የመበጠሻ ስዊች ፈትሹ። እሱ የሚሠራው በተጎታቹ ባትሪ ነው፤ በብዙ ተጎታቾች ያ ባትሪ በጉዞ ላይ የሚሞላው በዚያው ብዙዎች ባዶ በሚተዉት የ12 ቮልት ፒን በኩል ነው። ለፍተሻ የስዊቹን መንቀያ ፒን ከመንቀላችሁ በፊት ባለ 7ቱን ሶኬት ከመኪናው ለዩ፤ አለዚያ መቆጣጠሪያው ሊቃጠል ይችላል። የስዊቹን ገመድ ከመኪናው ሻንሲ ጋር እንጂ ከኳሱ ወይም ከደህንነት ሰንሰለቱ ጋር አትሰሩት።