ለስኳር ታማሚ እግር፦ ፔዲኪውር ቤት ወይስ ፖዲያትሪስት?

አሜሪካ ያሉ ወላጆቻችን ጥፍራቸው ሲወፍር ወይም ሥጋ ውስጥ ሲገባ ቶሎ ትዝ የሚለን ፔዲኪውር ቤት ነው። ቅርብ ነው፣ ብዙ ጊዜ ያለ ቀጠሮ ይገባል። እግር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲታሽም ደስ ይላል። ጤነኛ እግር ላለው ሰው ችግር የለውም።

ስኳር ላለበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስኳር የእግርን ነርቭ ስለሚጎዳ ውሃው ቢያቃጥል፣ መቀሱ ቢቆርጥ ላይሰማ ይችላል። የደም ዝውውሩ ከደከመ ደግሞ ትንሿ ጭረት ቁስል ሆና ወራት ልትቆይ ትችላለች። ተረከዝ የሚላጭበት ምላጭማ ጭራሽ አይሞከርም።

ፖዲያትሪስት የእግር ሐኪም ነው። እዚያ አገር 4 ዓመት የእግር ሕክምና ተምሮ፣ ከዚያ 3 ዓመት ገደማ ሆስፒታል ውስጥ ይሠለጥናል። ጥፍር ከመቁረጡ በፊት በጣቶች መካከል ያያል፣ የእግር የደም ትርታ ይዳስሳል። ከዚያ በ10 ግራም ጫና የሚታጠፍ ቀጭን የናይለን ክር ይዞ ውስጥ እግርን ነካ ነካ ያደርጋል። ታማሚው ዓይኑን ጨፍኖ ሲሰማው ይናገራል። ዝም ያለበት ቦታ ነው አሳሳቢው። ሥጋ ውስጥ የገባ ጥፍር ካለም ጣቱን አደንዝዞ ጠርዙን ያወጣል።

ጉዳቱ፣ ቀጠሮው ሊርቅ ይችላል፤ ክፍያም አለ። ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ ግን በስኳር ምክንያት የእግር ነርቩ ተጎድቶ ለአደጋ ለተጋለጠ ሰው፣ የታማሚው ድርሻ እንዳለ ሆኖ፣ በየ6 ወሩ የእግር ምርመራ ይሸፍናል። ስለዚህ ለኔ ምርጫው ቀላል ነው። እማማ ቀለም ካማራቸው ቤት እንቀባቸዋለን።