ኢተርስ ጄኤስ ስሪት 6፦ በትልልቅ ኢንቲጀሮች አያያዙ ሲመዘን

ከስማርት ኮንትራክት (ኢቴሪየምን በመሰለ ብሎክቼይን ላይ ከሚሠራ ፕሮግራም) ጋር የሚገናኝ ድረ ገጽ በጃቫስክሪፕት ቋንቋ የጻፈ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ ከአንድ ወሰን ጋር ይጋፈጣል። የቋንቋው መደበኛ ቁጥር ሳይዛነፍ የሚይዘው ትልቁ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) 9,007,199,254,740,991 ሲሆን፣ የኢቴሪየም ኮንትራክቶች ዘወትር የሚጠቀሙበት ባለ 256 ቢት ኢንቲጀር ግን እስከ 78 አሃዝ ይደርሳል። የኢቴሪየም ገንዘብ የሆነው 1 ኢተር ማለት 1 ቁጥር ከነ18 ዜሮዎቿ ያህል ዌይ (የኢተር ትንሹ ክፍልፋይ) በመሆኑ፣ 0.01 ኢተር እንኳ በዌይ ሲቆጠር ወሰኑን ያልፋል። ከኢቴሪየም ጋር የሚያገናኘው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ኢተርስ ጄኤስ እዚህ የሚመዘነውም በዚህ ነው።

የሚያስፈራው ስህተቱ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። 1.1 ኢተርን ወደ ዌይ ለመለወጥ በመደበኛው ቁጥር ብናባዛ የምናገኘው 1,100,000,000,000,000,128 ነው፤ 128 ዌይ ከየት እንደ መጣ የሚነግረን የለም። በገንዘብ ሲታይ ኢምንት ቢሆንም፣ ሰው ቀሪ ሒሳቡን በሙሉ ሊያወጣ ሲሞክር ያቺው ትርፍ ግብይቱን ታከሽፋለች። በመለያ ቁጥር ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው። በኢቴሪየም የስም አገልግሎት የአንድ ስም ቶከን (የስሙ ባለቤትነት የሚመዘገብበት ዲጂታል ንብረት) መለያ ከስሙ የተሰላ ሃሽ፣ ማለትም ስሙን የሚወክል ረጅም ቁጥር፣ ስለሆነ እያንዳንዱ ቢት ዋጋ አለው፤ መደበኛው ቁጥር ግን ከፊተኞቹ 53 ቢቶች ያለፈውን ሊይዝ ስለማይችል፣ ኮንትራክቱ የሚጠየቀው ስለ ሌላ ቶከን ይሆናል።

ሪቻርድ ሙር የሠራው ኢተርስ ጄኤስ እስከ ስሪት 5 ድረስ ይህን ችግር ይፈታ የነበረው ቢግነምበር በተባለ የራሱ ዓይነት ነበር። መፍትሔው አስተማማኝ ቢሆንም መደመርና ማባዛት ሁሉ በፈንክሽን ጥሪ ስለሚጻፍ፣ ረዘም ያለ የወለድ ቀመር ለማንበብ አድካሚ ነበር። በ2023 የወጣው ስሪት 6 ይህን ትቶ በ2020 የቋንቋው መስፈርት አካል የሆነውን፣ ትልልቅ ሙሉ ቁጥሮችን ሳያዛንፍ የሚይዘውን ቢግኢንትን ተቀበለ። አንድ የክፍያ ገጽ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሳዛውር ቀመሮቹ በወረቀት ላይ እንደምንጽፋቸው በተለመዱት ምልክቶች ተጻፉ፤ ለእኔ ይህ ብቻውን የዝውውሩን ድካም የሚክስ ነው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ፓርስዩኒትስ የተባለውን ፈንክሽን ነው። ተጠቃሚው የጻፈውን ቁጥር ከነነጥቡ በስትሪንግነቱ (እንደ ጽሑፍ) ተቀብሎ፣ በመደበኛው ቁጥር ሳያሳልፍ ወደ ቢግኢንት ይለውጠዋል። 6 የአስርዮሽ ቦታ ላለው ዩኤስዲሲ ለተባለው ቶከን 7 የአስርዮሽ አሃዝ ቢሰጠው በዝምታ አያጠጋጋም፤ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። በገንዘብ ሥራ ላይ ሊኖር የሚገባው ጠባይ ይህ ነው።

ቅሬታ ግን አለኝ። ስሪት 5 ትንንሽ ኢንቲጀሮችን በመደበኛ ቁጥር ይመልስ ስለነበር የቶከኑን የአስርዮሽ ቦታ ብዛት ተቀብሎ ማስላት ቀላል ነበር። ስሪት 6 ባለ 8 ቢቱንም ሳይቀር በቢግኢንት ስለሚመልስ፣ መደበኛውን 10 ወደዚያ ርቢ ለማንሣት የሞከረ ኮድ ሁለቱ ዓይነቶች አይቀላቀሉም በሚል ስህተት ይቆማል። ተፎካካሪው ቪየም እስከ 48 ቢት ያሉትን በመደበኛ ቁጥር ስለሚመልስ በዚህ በኩል ይመቻል።

ከዚህ የሚብሰው ከቢግኢንት ወደ መደበኛ ቁጥር መመለሻው ነው። የቀድሞው ቢግነምበር ከወሰን ያለፈን ዋጋ ወደ መደበኛ ቁጥር ለውጥ ሲባል እምቢ ይል ነበር፤ የቋንቋው የራሱ መለወጫ ግን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ያዛንፈዋል። ላይብረሪው ጌትነምበር የሚባል ጥብቅ አማራጭ ቢያቀርብም፣ እጅ የሚቀናው ወደ ለመደው ስለሆነ፣ የዝውውር መመሪያው ይህን በጉልህ ሊያስጠነቅቅ ይገባ ነበር።

ማካፈልም ጥንቃቄ ይሻል፤ ቢግኢንት ቀሪውን ስለሚጥል 3 በመቶ ኮሚሽን ሲሰላ አስቀድሞ ማባዛት፣ ከዚያ ለ100 ማካፈል ያስፈልጋል።

የመጨረሻው እንቅፋት ውጤቱ ወደ ሰርቨር ሲላክ ይመጣል። መረጃ የሚላክበት የጽሑፍ ቅርጽ የሆነው ጄሰን ቢግኢንትን ስለማያውቅ ልውውጡ በስህተት ይቋረጣል፤ ዋጋውን በመደበኛ ቁጥር መላክ ደግሞ የሸሸነውን ችግር በጓሮ በር መልሶ ያስገባል። እኔ ሁሉንም ዋጋዎች በስትሪንግ እልካለሁ፤ በዳታቤዙም 78 አሃዝ የሚችል ዓምድ አዘጋጅቼ አስቀምጣለሁ፤ ነጥብ የምጨምርበትም ቁጥሩ ለሰው ዓይን በሚቀርብበት ገጽ ላይ ብቻ ነው።