የዘር ሐረጋችሁን ለማስጠናት ለማን ትከፍላላችሁ?

ውጭ አገር ያሉ ወዳጆቼ ሰሞኑን አንድ ዓይነት ጥያቄ ያበዙብኛል። «የቤተሰቤን የዘር ሐረግ ማስጠናት ፈልጌ ነበር፣ ባለሙያ ልቅጠር ወይስ የዲኤንኤ ምርመራ ልግዛ?» ይላሉ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ሥሩ ኢትዮጵያ የሆነ ሰው ገንዘቡን መስጠት ያለበት አገሩን ለሚያውቅ፣ ገጠር ድረስ ወርዶ ሽማግሌ ለሚጠይቅ ሰው ነው። የቀሩት ሁለቱም፣ የውጭ አገር ባለሙያውም ዲኤንኤውም፣ ቦታ አላቸው፣ ግን ለአብዛኞቻችን አይደሉም።

ከውጭዎቹ ባለሙያዎች እንጀምር። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ በሰዓት ከ50 እስከ 150 ዶላር ያስከፍላሉ፣ ሥራ ሳይጀምሩ የተወሰነ ሰዓት ሂሳብ ቅድሚያ የሚቀበሉም አሉ። በሰዓት 100 ዶላር ብለን 20 ሰዓት ብናሰላ 2,000 ዶላር ነው። ችሎታቸውን አልጠራጠርም። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሙያ ማረጋገጫ የሚሰጥ ቦርድ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ችግሩ ሥራቸው የሚቆመው በመዝገብ ላይ ነው፦ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ፣ የጥምቀት መዝገብ፣ ከልጅ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም። እኛ ጋ የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከተማ ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር፣ የገጠሩ አያታችን ግን ወረቀት ላይ የሉም። ስሙም አያስኬድም። የወንድማማቾች ልጆች የአባት ስማቸው ይለያያል፣ በዚያ ላይ የክርስትና ስም አለ፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ጸጋዬ አራት ዓይነት ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ባለ ነገር 20 ሰዓት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ቢፈለግ ምን ይገኛል?

አንድ ነገር ግን ልለይ። አያታችሁ ጣሊያናዊ ከሆኑ የውጭ ባለሙያ ቅጠሩ፣ ቅር አይበላችሁ። ጣሊያን ውስጥ በአብዛኛው አካባቢ ማዘጋጃ ቤቶች ከ1866 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ይይዛሉ፣ እዚያው አገር ያለ ሰው የትውልድ ከተማውን ስም ብቻ ይዞ ብዙ ያወጣል።

የሚያናድደኝ አስመስሎ የተሠራው የዘር ሐረግ ነው። ቨርጂኒያ ያለ ወዳጄ 650 ዶላር ከፍሎ የገዛውን ልኮልኝ አየሁት። በወርቅማ ፍሬም የታተመ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ነው። ከአያቱ በላይ አራት ስም አለ፣ አራቱም ወንድ። ከዚያ መስመሩ ይታጠፍና ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ላይ ይገባል። ከእሳቸው በላይ ያለው ከታሪክ መጽሐፍ የተገለበጠ የነገሥታት ዝርዝር ነው፣ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ድረስ። ማን ነገራችሁ? የየትኛው መንደር ሽማግሌ? አንድም ቃል የለም። ሴት አያት የሚባል ነገርማ ጭራሽ የለም! እናቱን ስንጠይቃት የባሏ አያት ከመርሐቤቴ የመጡ ገበሬ እንደነበሩና ስማቸውም ሌላ እንደሆነ ነገረችን። 650 ዶላር።

እንዲህ ያለውን ለመያዝ ሂሳብ ይበቃል። አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ነው። ሰባት ትውልድ ወደ 200 ዓመት ይጠጋል፣ ዘመነ መሳፍንት ላይ ያደርሳል። አድዋ 1888 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሻጩ «አሥረኛ አያትህ አድዋ ዘምተዋል» ካለ ገንዘባችሁን መልሱልኝ በሉ።

ዲኤንኤው በዋጋ ይሻላል። የታወቁት ድርጅቶች መደበኛ ዋጋቸው 100 ዶላር አካባቢ ነው፣ በዓል ሲደርስ ደግሞ በደንብ ይቀንሳሉ፣ ስለዚህ በሙሉ ዋጋ አትግዙ። ግን ምን ይመጣል? «ኢትዮጵያና ኤርትራ» የሚል ቀለም የተቀባ ካርታ። ይህንንማ ታውቁት ነበር። አያታችሁ መንዝ ይሁኑ ደንቢያ አይነግራችሁም። ትልቁ ጥቅሙ ዘመድ ማገናኘቱ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ዘመዱም ተመርምሮ መገኘት አለበት፣ ገጠር ያሉት የአክስት ልጆች ደግሞ ምራቅ ሞልተው አልላኩም። የመረጃውንም ነገር አስቡበት፦ ትዌንቲስሪኤንድሚ የሚባለው የዲኤንኤ ምርመራ ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. የ6.9 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹ መረጃ ተወስዶበታል፣ በ2025 ደግሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ የዝምድና ምርመራ እዚያ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደማይፈቀድ እወቁ።

ዲኤንኤን አጥብቄ የምመክረው በማደጎ ተወስደው ላደጉት ነው። ኢትዮጵያ የውጭ ማደጎን በ2010 ዓ.ም. ከመከልከሏ በፊት የሄዱት ብዙ ሺህ ናቸው፣ የአንዳንዶቹ ወረቀት ደግሞ እውነቱን አይናገርም። እነሱ መጀመሪያ «ቤተሰብ ፍለጋ» የሚባለው ነፃ የመረጃ ቋት ላይ ይመዝገቡ። አፈላላጊ ቀጥረው «እናትሽ ተገኙ» ከተባለ፣ ልብ ቢቸኩልም ገንዘብ ከመላክና አውሮፕላን ከመሳፈር በፊት የሁለቱም ወገን ዲኤንኤ ይታይ። 100 ዶላር የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ እኔ ምርጫ። ገጠር ያለውን እውቀት የምናቃልለው ስለማናውቀው ነው። በጎጃምና በጎንደር ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን ቆጥሮ በማስረዳት ነበር፣ በአባትም በእናትም በኩል። ያልቆጠረ መሬት ያጣል። ስለዚህ ሰው ትውልዱን እንደ ዳዊት ይደግመው ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር መቁጠሩም እየተረሳ ሄደ። ሙግቱን በዓይናቸው ያዩት ዛሬ ሰማንያን አልፈዋል። ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩም አሁንም አሉ። ይህ የትም ድረ ገጽ ላይ የለም፣ ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል፣ እኔን የሚያስቸኩለኝም ይኸው ነው።

የምትቀጥሩት ሰው የአካባቢው ተወላጅ የሆነ የታሪክ ምሩቅ ወይም መምህር ቢሆን እመርጣለሁ። ደብሩን ያውቃል፣ መሪጌታውን በአክብሮት ያናግራል፣ ሽማግሌ ቤት ቡናውን ጠጥቶ ነው ወደ ጥያቄ የሚገባው። የድሮ ዳዊት ኅዳግ ላይ የባለቤቱና የልጆቹ ስም ተጽፎ ይገኛል፣ ያንን ፎቶ ማንሳት ያውቅበታል። ወጪው የቀን አበል፣ ትራንስፖርትና አልጋ ነው፣ ለሽማግሌዎቹም ስኳርና ቡና ጨምሩበት። ተደምሮ ከውጭው ባለሙያ የጥቂት ሰዓት ሂሳብ ባይበልጥ ነው።

አከፋፈሉ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። በትውልድ ቁጥር በፍጹም አትክፈሉ። «በየአንዱ አያት ይህን ያህል» ካላችሁ አያት ይፈበረካል። በቀን ክፈሉ፣ ሥራው ከአምስተኛው አያት ላይ ቢቆምም ክፍያው እንደማይጎድል ቀድማችሁ ንገሩት። እያንዳንዱ ስም ማን እንደነገረው ይጻፍበት። ቢያንስ ሁለት ከተለያየ ቅርንጫፍ የሆኑ ሽማግሌዎች የተስማሙበትን «ተረጋገጠ»፣ አንዱ ብቻ ያለውን «ተባለ» ብሎ ይለይላችሁ። የእናት ወገንም እኩል ይጠየቅ። የድምፅ ቅጂው ሳይቆራረጥ ይላክላችሁ፣ ግማሹን ክፍያ ያንን ሰምታችሁ ስጡ።

ከዚህ ሁሉ በፊት በነፃ የሚሠራ አለ፦ እናታችሁ፣ አክስታችሁ፣ አጎታችሁ ጋ ደውላችሁ ስልኩን እየቀዳችሁ ጠይቁ። ዝም ብላችሁ «ዘራችን ከየት ነው?» አትበሉ፣ መልሱ አጭር ይሆናል። «እማማ የማን ተዝካር ላይ ሄዳችሁ ነበር? ርስቱን ከማን ጋር ተሟገቱ?» በሉ። ስሙ ከዚያ ውስጥ ይወጣል፣ የደብሩም ስም አብሮ። ተቀጣሪው ያንን ይዞ ከሄደ ብዙ ቀን ይተርፋችኋል።

ክረምት ላይ ሰው አትላኩ፣ መንገዱም ጭቃ ነው፣ ገበሬውም እርሻ ላይ ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ በተለይ ጥር ላይ፣ ሠርጉም ንግሡም ዘመድ ከየአቅጣጫው ስለሚሰበስብ አንድ የቀን አበል ብዙ ሰው ያስጠይቃል።