ሞዴስ ያስጣለችኝ ፊዚዮቴራፒስት

ይህን ለመጻፍ ወር ሙሉ አመነታሁ። እዚህ ገጽ ላይ ልጆቼ አሉ፣ የዕድር ሰዎች አሉ፣ የድሮ ተማሪዎቼም አይጠፉም። ግን ምስጋናን ውጦ መቀመጥ ደግሞ አላስቻለኝም። እንግዲህ ልናገረው፤ ሽንት ያመልጠኝ ነበር። የረዳችኝ አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ናት።

ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ሦስት ወልጃለሁ። ነገሩ የጀመረኝ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በራፌ ላይ ነው። ከታክሲ ወርጄ ቤት ድረስ ደህና እመጣለሁ። ቁልፉን በሩ ላይ ስሰካ ግን ሽንቴ አንድ ደቂቃ አይሰጠኝም። ስንት ቀን ዘንቢሌን ደጃፍ ጥዬ ሮጫለሁ። ስንት ቀን ሳልደርስ ቀርቻለሁ። እያደር ቅዳሴ ላይ በር በሩን መቆም፣ ለቅሶ ቤት ገና ሳልቀመጥ መጸዳጃው ወዴት እንደሆነ መቃኘት፣ ክፍለ ሀገር እንሂድ ሲባል ሰበብ መፈለግ ሆነ ሥራዬ። የወር አበባ ከተለየኝ ቆይቷል፤ የሰፈሬ ባለሱቅ ምን ይለኛል እያልኩ ሞዴስ የምገዛው ሌላ ሰፈር ሄጄ ነበር።

ጎረቤቴ “ብርድ ነው” አለችኝ። ክሊኒክ ስሄድ ደግሞ ሁሌ አንድ ነው። ሽንት ስጪ፣ ባክቴሪያ ታይቷል፣ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ውሰጂ። የክሊኒክ ስም አልጠራም፤ አራት ቦታ ስለሄድኩ አንዱን ለይቶ መውቀስ አድልዎ ይሆናል። አቃጥሎኝ አያውቅም፣ ትኩሳትም የለኝም። “ያቃጥልሻል ወይ?” ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ኪኒኑ ሆዴን ከማበላሸት በቀር የፈየደልኝ ነገር የለም።

የእህቴ ልጅ ናት ወደዚህች ባለሙያ የላከችኝ። የሁለት ዓመት የምርመራ ወረቀቴን በፌስታል ይዤ ሄጄ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩት። አንድ በአንድ አነበበችው። ከዚያ ሰብስባ ወደ ጎን አደረገችና “እናቴ፣ የሚያመልጥዎት ሲያስሉና ሲስቁ ነው ወይስ ሲቸኩልዎት?” አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተጠየቅኩት ጥያቄ ይሄው ነው። ሲያስሉ የሚያመልጥ አንድ ዓይነት ነው፣ ድንገት አጣድፎ የሚያመልጥ ሌላ ዓይነት። የእኔ ሁለተኛው ነበር።

“ታዲያ ባክቴሪያውስ?” አልኳት። ሳቀች። እሷም ስትማር የጤነኛ ሰው ሽንት ፊኛው ውስጥ እያለ ምንም ተህዋስ የለበትም ተብላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን ቺካጎ የሚገኘው የሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሴቶች ፊኛ በቀጥታ በቱቦ የተቀዳ ሽንት ወስደው በሌላ መንገድ መረመሩት። በተለመደው ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያ ይበቅል እንደሆነ ሽንቱን ዘርቶ በማየት ምርመራ፣ የሚዘራው የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሺህኛ ነው። እነሱ የዚያን መቶ እጥፍ ዘሩ፣ ረዘም ላለ ጊዜም ጠበቁት። “ምንም የለበትም” በተባለው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ በቀለ። ፊኛችን ለካ ነዋሪዎች አሉት። ስለዚህ ሕመም የሌላት ሴት ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ስለታየ ብቻ ታማለች ማለት አይደለም።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናታቸው ደግሞ ሽንት የሚያጣድፋቸውንና የማያጣድፋቸውን ሴቶች አነጻጸረ። የነዋሪዎቹ ዓይነት ይለያያል። ላክቶባሲለስ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች ውስጥ ጋሴሪ የተባለችው ሽንት በሚያመልጣቸው በርከት ብላ ተገኘች፣ ክሪስፓተስ የተባለችው በጤነኞቹ። ላክቶባሲለስ እርጎ ውስጥም አለ ሲባል ስለምሰማ “እርጎ ልጠጣ በቃ?” አልኳት። “ይጠጡ፣ ግን ለዚህ መድኃኒት ነው ብዬ አልዋሽዎትም” አለችኝ። ባክቴሪያው ችግሩን ያምጣ ወይስ ችግሩ ባክቴሪያውን ይለውጥ ገና አልተለየም። የወደድኩላት ይህንን ነው። ሌላ ቢሆን የእርጎ ኪኒን ይሸጥልኝ ነበር።

ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ሦስት ቀን የጠጣሁትንና የሸናሁትን በደብተር መጻፍ፣ ሽንቱንም መለካት። እኔ አስተማሪዋ ለአንዲት ልጅ የቤት ሥራ ስሠራ! አሮጌ የፕላስቲክ መለኪያ ለዚህ ለየሁ። በቀን 14 ጊዜ ሄጃለሁ። አብዛኛው 120 ሚሊ ሊትር አይሞላም። የቢራ ጠርሙስ እንኳ 330 ነው! ጤነኛ ፊኛ ደግሞ 400 እና ከዚያም በላይ ይይዛል። “ለማንኛውም” እያልኩ ባዶውን ስመላለስ ፊኛዬን ትንሽ መያዝ አስለምጄዋለሁ። እንዳያመልጠኝ ብዬ ውኃ መቀነሴም አልበጀኝም፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጣዋል። ቡናን ግን አልከለከለችኝም። “አቦል ላይ ይቁሙ” ነው ያለችኝ። ቶናና በረካ ላይ እጄን ስኒዬ ላይ ስጭን ጎረቤቶቼ እስኪለምዱት ድረስ ታዘቡኝ።

ሽንት የሚይዘውን የታችኛውን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም አለ፤ ያስተማረችኝ በጡጫዋ እያሳየች ነው። ጨበጥ፣ ወደ ላይ ሳብ፣ ቆይቶ ለቀቅ። “ፈስ ሊያመልጥዎት ሲል እንደሚይዙት” አለችኝ፣ ሳታፍር። እኔ ትንፋሼን ይዤ መቀመጫዬን ስጨምቅ “የሚሠራው ፊትዎ አይደለም እኮ” ብላ አሳቀችኝ። አሥር እስኪቆጠር ይዞ መልቀቅ፣ ስምንት ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። ከሜክሲኮ ጦር ኃይሎች በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ እኔ እቆጥራለሁ።

ዋናው ግን ሲያጣድፍ አለመሮጥ ነው። ቆም ብሎ አምስት ስድስት ጊዜ ፈጠን ፈጠን አድርጎ መጨበጥ፣ ማዕበሉ ሲያልፍ ቀስ ብሎ መሄድ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም ለውጥ አላየሁም፤ ተስፋ ቆርጬ ደውዬላትም ነበር። ሁለተኛው ወር ላይ አንድ ማታ ቁልፉን ሰክቼ ቆምኩ። ቆጠርኩ። አለፈ። ገብቼ ዘንቢሌን ማጀት አስቀምጬ፣ ነጠላዬን አጥፌ ነው የሄድኩት።

አሁንም ጉንፋን ሲይዘኝ ትንሽ ያስቸግረኛል፤ ሞዴሱ ግን ቀርቷል።

የሚያቃጥላችሁ፣ ትኩሳት ወይም ደም ያያችሁ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ። እርጉዝ የሆነችም ባክቴሪያ ከተገኘባት ባያማትም መታከም አለባት፤ የእኔን ታሪክ ለእሷ አታንብቡላት። ከወሊድ በኋላ ቀን ከሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈሳት ካለች ደግሞ ያ ፌስቱላ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ያለው ሐምሊን ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት በነፃ እያከመ ነው።

የልጅቷን ስም በአደባባይ አትጻፊ ብላኛለች። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ፤ ማንነታችሁን ለማንም አልናገርም። እንከኗንም ልንገራችሁ፤ ከቀጠሮ ሰዓት ታዘገያለች፣ አንዷን ታካሚ ሳትጨርስ ሌላዋን አታስገባምና። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ሂዱ።