የአንደኛ ክፍል ምደባ በጅማ፦ ወረቀት የሌለው ውሳኔ

በጅማ ከተማ በመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ለመግባት የሚካሄደው ምዝገባ ብዙ ወላጆችን የሚያስመርር አገልግሎት ነው፤ ምሬቱ ግን ዘወትር እንደሚባለው ከቦታ እጥረት ብቻ የመጣ አይደለም። ሰባት ዓመት የሞላትን ልጄን ለማስመዝገብ ከነሐሴ መግቢያ ጀምሮ በአንድ ቀበሌና በአንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት መካከል ስመላለስ ያየሁት ትልቁ ጉድለት ጥያቄውም ሆነ መልሱ በጽሑፍ የማይሰፍር መሆኑ ነው። መሥሪያ ቤቶቹን በስም አልጠራም፤ ከሌላ ሰፈር የመጡ ወላጆችም ተመሳሳይ ነገር ስለነገሩኝ ጉዳዩን የአንድ ቢሮ ጥፋት አድርጎ ማቅረብ ተገቢ መስሎ አልታየኝም።

በዚያው ቀበሌ ግቢ የሚገኘው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ክፍል የልጄን የልደት ምስክር ወረቀት ስጠይቅ ማመልከቻዬን ተቀበለ፣ ለክፍያው ደረሰኝ ቆረጠ፣ የቀጠሮውን ቀን ጽፎ ሰጠኝ፤ ወረቀቱም በተባለው ቀን ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ይህ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ስለተደነገገ የራሱ ቅጽና የራሱ መዝገብ አለው፤ ባለጉዳዩም ጉዳዩ የት እንደደረሰ ያውቃል። ስለዚህ ቀበሌው ሥርዓት ያለው አገልግሎት መስጠት አይችልም ማለት አይቻልም።

ከዚያ ክፍል ጥቂት በር አልፎ የሚካሄደው የትምህርት ምዝገባ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። የልጄ ስም የተጻፈው በተራ ደብተር ላይ፣ ያውም በእርሳስ ነው። ከጎኑ የስልክ ቁጥሬና የምንኖርበት ቀጠና ሰፍሯል፤ ቀን የለውም፣ ተራ ቁጥር የለውም፣ ለእኔም ስለመመዝገቧ የሚያስረዳ ብጣሽ ወረቀት አልተሰጠኝም። ከስሟ በላይ የነበሩ ስሞች በላጲስ ጠፍተው በቦታቸው ሌሎች ተተክተው አይቻለሁ። ምናልባት ወላጆቹ ከተማ ለቀው ይሆናል፤ ነገር ግን መዝገቡ ምክንያቱን ስለማይናገር ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው ክፉውን ነው፤ ሐቀኛው ሠራተኛም ራሱን ከሐሜት የሚከላከልበት ማስረጃ አይኖረውም።

የቅድሚያ መስፈርቱም እንዲሁ በቃል የሚነገር ነው። አንዱ ሠራተኛ ቅድሚያ ለቀበሌው ነዋሪ ነው ሲለኝ፣ ሌላው በትምህርት ቤቱ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ላላቸው ልጆች ነው አለኝ፤ ደግሞም ቀድሞ የመጣ ይቀድማል ያለኝ አለ። ሁሉም ተቀባይነት ያላቸው መስፈርቶች ናቸው፤ የሚያስፈልገው የትኛው እንደሚቀድም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ መታየቱ ነው። በዚህ አሠራር ከሁሉም በላይ የሚጎዱት ተከራዮች ናቸው፤ ኪራይ ሲወደድበት ከሄርማታ ወደ ቆጪ፣ ከዚያም ወደ ከተማው ዳር የሚገፋ ቤተሰብ ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ እስኪያወጣና አከራዩን ለምኖ ውል እስኪያጽፍ ድረስ ደብተሩ ይሞላል። ይህን ሕፃን ከትምህርት ቦታው የሚያፈናቅለው የአባቱ ወይም የእናቱ ደመወዝ ማነስ መሆኑ በጣም ያሳዝናል።

የመጨረሻው መልስ የተሰጠኝም በቃል ነው። ወጣቱ ሠራተኛ በትሕትና «አባቴ፣ ሞልቷል፤ ለማንኛውም ጳጉሜን ላይ ብቅ ይበሉ» አለኝ። ወደ ቅሬታ ሰሚው ስሄድ ደግሞ ያቀረቡልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «የተከለከሉበትን ደብዳቤ ይዘዋል?» የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በአሠራሩ ውስጥ ጭራሽ የለም፤ ስለዚህ ቅሬታ ሰሚ ተቀምጦ ሳለ ቅሬታ ማቅረብ አይቻልም። በአዳራሹ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር ለመታወቂያና ለነዋሪነት ማረጋገጫ የሚወስደውን ጊዜ በዝርዝር ሲያሳይ ስለ ትምህርት ቤት ምደባ አንድም መስመር የለውም።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ አንቀጽ 41 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብትን ለኢትዮጵያውያን ሁሉ ያረጋግጣል። የትምህርት ቤት ቦታ ጭቅጭቅ በሀብታም አገሮችም አለ፤ በእንግሊዝ አገር ወላጆች በየአካባቢያቸው ምክር ቤቶች ላይ የሚያሰሙት አቤቱታ ብዙ ነው። ሆኖም እዚያ ልጅ ቦታ ሲከለከል ምክንያቱና ይግባኝ የማለት መብቱ ለወላጅ በጽሑፍ ይገለጻል፣ ይግባኙን ለማቅረብም ቢያንስ 20 የትምህርት ቀናት ይሰጣል። ይህን ለማድረግ ደግሞ ወረቀት፣ ማኅተምና ፈቃደኝነት እንጂ ብዙ በጀት አያስፈልግም።

የክፍል እጥረቱን አልክድም። ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ የሚለው የአገሪቱ መመዘኛ በብዙ ቦታ እንደማይጠበቅ፣ መምህራኑም በተጨናነቀ ክፍል እንደሚደክሙ አውቃለሁ። ቦታ ከሌለ ልጄ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ብትላክ እቀበላለሁ፤ የማልቀበለው ማን በምን መስፈርት እንደቀደማት ሳይነገረኝ መቅረቱን ነው።

በመጨረሻ የሠራልኝ የመዝገብ ቤቱ መንገድ ነው። ጥያቄዬን በማመልከቻ ጽፌ፣ የልደት ምስክር ወረቀቷንና የነዋሪነት መታወቂያዬን ቅጂ አያይዤ ለጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቤት አስገባሁ፤ በእጄ በቀረው ቅጂ ላይም የገቢ ቁጥርና ቀን አስመታሁ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ መሙላቱን የሚገልጽና ልጄን ከአወይቱ ወንዝ ማዶ ወዳለ ሌላ ትምህርት ቤት የሚመድብ አጭር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ቅሬታ ሰሚውም ደብዳቤውን ሲያዩ ፋይል ከፈቱልኝ። በመጪው ክረምት ልጅ የምታስመዘግቡ ወላጆች ስማችሁ በደብተር ሰፈረ ተብላችሁ አትመለሱ፤ ማመልከቻችሁን በሁለት ቅጂ አዘጋጅታችሁ አስገቡ፣ ቁጥርና ቀን ያረፈበትንም ቅጂ ምደባው እስኪጠናቀቅ ድረስ ከእጃችሁ አታውጡ።