የቮልሴ አዲስ ሽቦ፣ ከ14 ወር በኋላ

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ከሥራ ወጥቼ እየነዳሁ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከፊቴ ያለውን ሚኒባስ ጠረጠርኩ። ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ሲወጣ ግን በሆዴ ሚኒባሱን ይቅርታ ጠየቅሁ። ዳር ይዤ ቆምኩ፤ የኋላውን መቀመጫ አነሳሁና የባትሪውን ማሳ፣ ማለትም ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚያገናኘውን ኔጌቲቭ ገመድ፣ ነቀልኩ።

መኪናዋ በፈረንጆች 1965 የተሠራች ቮልስ ናት። የአባቴ ናት። ሰው ሲስቅባት አባባ «ጃንሆይም ከቤተ መንግሥት የወጡት በዚችው ነው» ይላሉ። መስከረም 2 ቀን 1967 ማለታቸው ነው። ማሞገሻ መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ።

ስትሠራ 6 ቮልት ነበረች። አባባ በ1980ዎቹ ዲናሞውን፣ ቦቢናውን፣ አምፖሎቹንና የዝናብ መጥረጊያውን ሞተር አስለውጠው 12 ቮልት አደረጓት። የነዳጅ ጌጇ በካቮ (በብረት ገመድ) ስለሚሠራ ቮልቱ አልነካውም። ሽቦው ግን ያው የድሮው ነበር። ሲነኩት ልባሱ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል።

«የ6 ቮልት ሽቦ 12 ቮልት አይችልም፣ ለዚህ ነው የነደደው» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ተቃራኒው ነው እውነቱ። ሁለት ባለ 45 ዋት የፊት መብራት በ6 ቮልት 15 አምፔር ይስባል፣ በ12 ቮልት 7.5 ብቻ። ስለዚህ የድሮው ሽቦ ውፍረቱ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ያቃጠለን እርጅናው ነው። ልባሱ ተሰንጥቆ ሁለት ሽቦ ተነካካና ኮንታክት ፈጠረ።

አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ሙሉ ሽቦውን በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ከ300 ዶላር በላይ ነው የከፈልኩት። ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ፣ ጫፍ ጫፉ ተሠርቶለት ነው የመጣው። ቀለሙ በፋብሪካው ነው፦ ቀይ ሁልጊዜ ኃይል ያለበት፣ ጥቁር ቁልፍ ሲዞር የሚመጣው፣ ቡናማ ማሳ። ከሰፈራችን አንድ አዛውንት ኤሌክትሪሺያን ጋር አራት ቅዳሜ ፈጀብን። ጋሼ የሽቦውን ሥዕል አንዴም አላዩም። 30፣ 15፣ 31፣ 50 እያሉ የጀርመኖቹን የሽቦ መግቢያ ቁጥር በቃላቸው ይጠራሉ።

የመጀመሪያው ቀን ግራ ፍሬቻ ሳበራ ከኋላ ግራው፣ ከፊት ቀኙ ብልጭ አለ። ጥቁርና ነጩ የግራ፣ ጥቁርና አረንጓዴው የቀኝ መሆን ሲገባው፣ ሽቦውን የሠሩት ሰዎች የፊተኛው ጫፍ ላይ አቀያይረውታል። ለማስተካከል አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ግን በዚህ ዋጋ?

ሽቦ ከቆርቆሮ ቀዳዳ ሲያልፍ የሚገባለት ላስቲክም አብሮ አልመጣም። እሱ ከሌለ ቆርቆሮው ልባሱን ቀስ እያለ ይበላዋል። ላስቲኩን ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ፈልጌ አገኘሁ።

በሦስተኛው ወር፣ የካቲት ላይ፣ ቀዩ የዲናሞ መብራት መርገብገብ ጀመረ። ቮልስ የማያውቅ ሰው «ባትሪ ነው፣ ቤት ድረስ ያደርስሃል» ይላል። አትስሙት። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን ያለው የዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ከተበጠሰ ባትሪ መሙላት ብቻ ሳይሆን ንፋሱም ይቆማል። ውሃ የላት! ቀዩ ሲበራ ወዲያው ማጥፋት ነው። ቆሜ አየሁ፣ ቺንጋው ደህና ነው። ችግሩ 61 ላይ የሚገባው የዚሁ መብራት ሰማያዊ ሽቦ ነበር፤ የሽቦው ፋብሪካ የገጠመለት ጫፍ ስለላላ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ይላቀቅና አጠገቡ ያለውን ብረት ይነካል። በጣቴ ስስበው ሽቦው ብቻውን ወጣልኝ።

ከዚያ በኋላ ሞተር አካባቢ ያሉትን ጫፎች በሙሉ ቆርጠን በናስ ጫፍ ቀየርናቸው። እኔ በቆርቆሮ ልበይደው ብል ጋሼ ፒንሳውን ከእጄ ቀሙኝ። «የተበየደ ሽቦ ይደርቃል፣ ከብየዳው ጠርዝ ላይ ይሰበራል። አጥብቀህ ጭመቀው እንጂ!» ከዚያ ወዲህ አንድም አልላላም።

ብሩን የሚያስቆጭ ቢሆንም መናገር አለብኝ፦ መኪናዋን ከምንም በላይ የለወጣት ማሳው ነው። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ ላስቲክ ላይ ነው የተቀመጡት። ከካምቢዮው አፍንጫ ወደ ሻሲው የሚሄድ አንድ የተጎነጎነ የማሳ ገመድ አለ። የኔው ዝጎ በክር ቀርቷል። ሞተሪኖው ጠዋት ጠዋት ሲያቃስት ባትሪ የወቀስኩት በከንቱ ነው። የፊት መብራቶቹም ማሳ የሚያገኙት በዛገ ፓራፋንጎ በኩል ነበር። ለእያንዳንዳቸው ቡናማ ሽቦ ስበን፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ በታየ አንድ ቦታ ላይ አሰርናቸው። መብራቶቹ ኃይል ከባትሪው በቀጥታ እንዲያገኙም ሁለት ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ጨመርን፣ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ሆኖ። ድሮ ባትሪው ላይ 12.4 ሲሆን አምፖሉ ላይ 10.3 ቮልት ብቻ ይደርስ ነበር። አሁን 12.1 ነው። ቮልት ትንሽ ሲወርድ ብርሃን ብዙ ይወርዳል፤ ስለዚህ አምፖል ሳልቀይር ሌላ መኪና የነዳሁ መሰለኝ።

ነሐሴ ላይ በደብረ ብርሃን አድርጌ ጣርማበር ወጣሁ። ጉሙ መኪናን ይውጣል። ዋሻው አፍ ላይ ስደርስ ከፊት የሚመጣ አይሱዙ መብራት ቀንስ ብሎ ብልጭ ብልጭ አደረገብኝ። በቮልስ! እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ፊውዝ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሐምሌ ላይ ርካሽ የፕላስቲክ ፊውዝ ገዝቼ ሽቦው ሳይበጠስ አካሉ ቀለጠ። የድሮው ዓይነት ሸክላው ይሻላል። እሱንም በክረምት በወር አንዴ በጣት ዞር ዞር አድርጉት፤ ጫፉ ላይ ዝገት ይይዛል።

የኋላ መቀመጫም አለ። ባትሪው ከሥሩ ስለሆነ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፍ ሊነካ ይችላል፤ በዚህ የነደዱ ቮልሶች ጥቂት አይደሉም። እኔ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቆርጬ አልብሼዋለሁ። አጎቴ ሲገቡ ግን አሁንም ከፊት ነው የማስቀምጣቸው።

ድጋሚ እገዛዋለሁ? ሽቦውን አዎ፤ ቀለሙና ርዝመቱ ልክ ነው፣ ልባሱም ከ14 ወር በኋላ ለስላሳ ነው። ጫፎቹን ግን ከመግጠሜ በፊት ነበር የምቆርጣቸው። ክረምቱን ከዳሽቦርድ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ባላሳለፍኩ ነበር።

ክላክሱ ግን አልዳነም። ማሳ የሚያገኘው በመሪው ዘንግ በኩል ነው፣ መሃል ላይ ያለው ላስቲክ ደግሞ ይቆርጠዋል። መሪውን ወደ ግራ ሳዞር ይጮኻል፣ ወደ ቀኝ ሳዞር ዝም። ጋሼ ቅዳሜ አምጣት ብለውኛል። እስከዚያ ወደ ቀኝ ስታጠፍ እጄን በመስኮት አውጥቼ ነው የማሳየው።